«የእናታችን ወርቅ ብቻ»፦ በትእዛዝ በሚሠራ ጌጥ ላይ የሚነሡ ያልተለመዱ ጥያቄዎች



የዛሬው ርእሴ ለቁስ ሳይንስ መምህር ጥቂት እንግዳ ሊመስል ይችላል። ወርቅ በስንት ዲግሪ እንደሚቀልጥ ማስተማር የዘወትር ሥራዬ ነው። ሰው ወርቁ እንዲቀልጥለት ለምን እንደሚፈልግ ግን የሚጠየቀው ከመማሪያ ክፍል ይልቅ በአንጥረኛው ቤት ነው። ደንበኞች ለአንጥረኛ ከሚያቀርቧቸው ያልተለመዱ ጥያቄዎች አራቱን አንሥቼ፣ ከእያንዳንዱ በስተጀርባ ያለውን የቁስ ሕግ አስረዳለሁ።

በመጀመሪያ፣ ሦስት እኅትማማቾች የሟች እናታቸውን አምባር ይዘው መጡ እንበል። «ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ቀለበት ይሥሩልን፤ የሌላ ሰው ወርቅ ግን አይግባበት» ይላሉ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ብዙ ቀለበት የሚሠራው በሰም ነው፤ ቅርጹ በሰም ይዘጋጃል፣ በጄሶ ይሸፈናል፣ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ በባዶው ስፍራ ወርቁ ይገባል። ባለቅኔዎቻችን «ሰምና ወርቅ» የሚለውን ስያሜ የወሰዱት ከዚሁ ሙያ ነው። ታዲያ ወርቁ ቀለበቱን ብቻ ሳይሆን የሚፈስበትንም ቦይ መሙላት ስላለበት፣ ከቀለበቶቹ ክብደት የበለጠ ወርቅ ያስፈልጋል። አምባሩ ቀጭን ከሆነ የእናትየው ወርቅ ብቻውን አይበቃም።

አንጥረኛው ሌላ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ወርቁን አቅልጦ፣ ቀጥቅጦና እንደ ሽቦ ስቦ መሥራት ነው፤ ይህ ተጨማሪ ወርቅ አይጠይቅም። ሁለተኛው አምባሩን ሳያቀልጡ ቆርጦ ማጠፍ ነው። ልዩነቱ የቴክኒክ ብቻ አይደለም። ንጹሕ ወርቅ በ1064 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ከቀለጠ በኋላ ቁሱ ያው ወርቅ ነው፤ የጥንቱ አንጥረኛ የመዶሻ ምልክትና በዘመናት የለሰለሰው ገጽ ግን ይጠፋሉ። እኅትማማቾቹ የሚፈልጉት ቁሱን ነው ወይስ ምልክቱን? ይህን ሳይጠይቅ እሳት የሚያነድድ አንጥረኛ፣ የታዘዘውን በትክክል ፈጽሞም ሊያሳዝናቸው ይችላል።

በጠገራ ብርም ላይ ይኸው ምርጫ አለ። 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት የማሪያ ቴሬዛ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። በአገራችን ብዙ የአንገት መስቀል የተሠራው ከዚህ ገንዘብ ነው። አንዳንዱ ቀልጦ ተሠርቷል፤ አንዳንዱ ግን ከገንዘቡ ላይ እንዳለ ተቆርጦ ስለወጣ የቅርጹ ርዝራዥ እስከ ዛሬ ይታይበታል።

ሁለተኛው ጥያቄ የሂሳብ ነው። «ይህ 10 ግራም ባለ 21 ካራት ወርቅ ነው፤ 18 ካራት አድርገው 10 ግራሙን ይመልሱልኝ» የሚል ደንበኛ አለ። ያቀረበው ፍትሐዊ ጥያቄ ይመስለዋል። ባለ 21 ካራት ወርቅ 87.5 በመቶ ንጹሕ ስለሆነ፣ ያመጣው 8.75 ግራም ንጹሕ ወርቅ ነው። ባለ 18 ካራቱ 75 በመቶ ስለሆነ፣ በ10 ግራም የሚመለስለት 7.5 ግራም ብቻ ነው። ቀሪው 1.25 ግራም ከአንጥረኛው ዘንድ ይቀራል። በሥራ ላይ የሚባክነውን ትተን ብናሰላ፣ ደንበኛው መረከብ ያለበት 11.67 ግራም ያህል ነው። በዚህ ስፍራ ዝምታ ትርፍ ያስገኛል፤ ስለዚህም የሙያው ሥነ ምግባር የሚለካው በዚህ ነው።

«ዓይኔ እያየ ይቅለጥ» የሚል ደንበኛ ቢመጣም እንደ ስድብ መቁጠር አይገባም፤ ጥርጣሬው እጅግ የቆየ ነውና። ሮማዊው ቪትሩቪየስ እንደ ተረከው፣ የሲራኩስ ንጉሥ ሂየሮ በወርቅ ዘውዱ ውስጥ ብር ተቀላቅሎ እንደ ሆነ እንዲመረምር አርኪሜዲስን አዝዞ ነበር። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ወርቅ 19.3 ግራም፣ ያንኑ የሚያህል ብር ግን 10.5 ግራም ብቻ ስለሚመዝን፣ ማጭበርበሩ ዘውዱን ሳያቀልጡ ሊታወቅ ይችላል።

ሦስተኛው የሟች ፀጉር በጌጥ ውስጥ እንዲቀመጥ የሚቀርብ ጥያቄ ነው። ይህ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ የተለመደ ነበር፤ ንግሥት ቪክቶሪያ ባለቤታቸው ልዑል አልበርት በ1861 እ.ኤ.አ. ከሞቱ በኋላ ፀጉራቸው የተቀመጠባቸውን ጌጦች ያደርጉ ነበር። ፀጉር ሙቀቱ 300 ዲግሪ ሳይደርስ ይበላሻል፤ የወርቅ ብየዳ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ600 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ የእሳቱ ሥራ ሁሉ ካለቀ በኋላ ፀጉሩ ከመስተዋት ሥር ይቀመጣል። «ከወርቁ ጋር ይዋሐድልኝ» የሚል ደንበኛ ግን ፀጉሩን ከማጣት በቀር የሚያገኘው የለም።

በመጨረሻም «አይሆንም» የሚባልለት ጥያቄ አለ። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በወሎ፣ በወገል ጤና አካባቢ የሚወጣው ኦፓል በውስጡ ውሃ ያለው ድንጋይ ነው። «ድንጋዩን ሳያወልቁ ቀለበቱን በብየዳ ያስፉልኝ» ለሚል ደንበኛ መልሱ ግልጽ ነው፤ የብየዳው ሙቀት ድንጋዩን ሊሰነጥቀው ይችላል፤ የተሰነጠቀ ኦፓል ደግሞ ወደ ነበረበት አይመለስም።

ተማሪዎቼ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር እንዲይዙ እፈልጋለሁ። የቁስ እውቀት በመጽሐፍ ሠንጠረዥ ውስጥ የሚቀር ቁጥር አይደለም። ሰው ምትክ የሌለውን ዕቃ በአደራ ሲሰጠን ምን ሊሆን እንደሚችልና ምን እንደሚጠፋ አስቀድመን እንድንነግረው የሚያስችለን እውቀት ነው። ይህ ሊነገረው የሚገባው ደግሞ እሳቱ ከመንደዱ በፊት ነው።