የጋይንት፥ የስማዳና የእስቴ አፈር በቍጥር ሲመዘን

ቍጥር ለኢትዮጵያ ሊቃውንት እንግዳ ነገር አይደለም። የባሕረ ሐሳብ መምህር ዓመተ ዓለሙን በ19 ገድፎ የተረፈውን መደብ ይለዋል፤ ከመደቡ አንድ አጕድሎ ወንበርን ያገኛል፤ ወንበሩን በ11 አብዝቶ በ30 ቢገድፍ አበቅቴ፥ በ19 አብዝቶ በ30 ቢገድፍ መጥቅዕ ይወጣለታል። ሁለቱ ሲደመሩ 30 ስለሚሆኑ አንዱ ቢሳሳት ሌላው ይመሰክርበታል። እንግዲህ በዓልንና ጾምን በዚህ ጥንቃቄ የሚቈጥር ሕዝብ በየክረምቱ ከእርሻው ታጥቦ የሚሄደውን አፈር ሳይቈጥር መቅረቱ የተገባ አይደለም።

ጋይንት፥ ስማዳና እስቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ ጀምሮ እስከ በሽሎና እስከ ዓባይ ሸለቆ ድረስ ዳገትና ቍልቍለት የበዛባቸው አገሮች ናቸው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በልማታዊ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር በጋይንትና በስማዳ ብዙ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ እርከን ሠርቷል። የሥራው መግለጫ ብዙ ጊዜ የእርከኑን ርዝመት በኪሎ ሜትር ይናገራል፤ ነገር ግን ገበሬውን የሚመግበው የድንጋዩ ርዝመት ሳይሆን ከድንጋዩ በላይ የቀረው አፈር ነው።

ይህን አፈር በሒሳብ የመገመት ጥበብ አለ። ዊሽማየርና ስሚዝ የተባሉ የአሜሪካ ሊቃውንት በፈረንጆች አቈጣጠር በ1965 ባሳተሙት መጽሐፍ ስድስት ነገሮችን እርስ በርሳቸው ማባዛትን አስተማሩ፤ እነዚህም የዝናቡ ኀይል፥ የአፈሩ በቀላሉ መታጠብ፥ የተዳፋቱ ርዝመት፥ የቍልቍለቱ ልክ፥ የመሬቱ ሽፋንና የአያያዙ ዘዴ ናቸው። በአገራችንም የግብርና ሚኒስቴር ከስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋራ በ1981 የአፈር ጥበቃ ምርምር ጀምሮ፥ በወሎ በማይባር፥ በሸዋ በአንዲት ጥድ፥ በጐጃምም በአንጀኒ የሚታጠበውን አፈር አስመዘነ። ሐንስ ሁርኒ የተባሉት ሊቅም በ1985 ስሌቱን ለኢትዮጵያ ተራሮች እንዲስማማ አድርገው አዘጋጁት።

ምሳሌው እንዲህ ነው። በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚወርድበት፥ አፈሩ ቀይ የሆነ፥ በየ100 ሜትሩ 20 ሜትር የሚያዘቀዝቅ የጤፍ ማሳ ይታሰብ። በሁርኒ ስሌት የዝናቡ ቍጥር 554 ያህል ነው፤ የቀይ አፈር 0.25፥ የቍልቍለቱ 2.2፥ የጤፍ 0.25፥ ተዳፋቱን አቋርጦ በአግድም የማረስ 0.90 ነው። ተዳፋቱ ሳይከተር 80 ሜትር ቢወርድ የርዝመቱ ቍጥር 1.9 ይሆናል፤ ሁሉም ሲባዙ ከአንድ ሄክታር በዓመት 130 ቶን ያህል አፈር ይጠፋል። በየ20 ሜትሩ እርከን ቢሠራበት ግን የርዝመቱ ቍጥር 1.0 ይሆንና የሚጠፋው አፈር ወደ 69 ቶን ዝቅ ይላል። በአንድ ሄክታር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አፈር 12 ቶን ያህል ስለሚመዝን፥ እርከን የሌለው ማሳ በ10 ዓመት 11 ሳንቲ ሜትር፥ እርከን ያለውም ወደ 6 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ አፈር ያጣል። ስለዚህ እርከን እጅግ እንደሚጠቅም፥ ብቻውን ግን እንደማይበቃ ሒሳቡ ራሱ ይናገራል።

የጐደለውን የሚሞላው የመሬቱ ሽፋን ነው። በዚያው ሠንጠረዥ የጤፍ ቍጥር 0.25 ሲሆን የጥቅጥቅ ደን ቍጥር 0.001 ነው፤ ልዩነቱ 250 እጥፍ መሆኑ ነው። በደቡብ ጐንደር የዚህ ደን ጠባቂ ሆና የኖረች ቤተ ክርስቲያን ናት። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በ2007 በፈረንጆች አቈጣጠር ባቀረቡት ጥናት በዚሁ አውራጃ በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደን ውስጥ 168 ዐይነት ዛፍ፥ ቍጥቋጦና ሐረግ መዝግበዋል። አባቶች ዛፉን ለደብሩ ክብር ብለው ጠበቁት፤ አፈሩም ከዛፉ ጋራ ተጠበቀ።

ሆኖም ሒሳቡ ወሰን አለው። ጐርፍ የሚቈፍረውን ቦረቦር አይቈጥርም፤ የሚገምተውም የብዙ ዓመት አማካዩን እንጂ የአንድ ክረምቱን አይደለም። ቍጥሮቹ እርስ በርሳቸው ስለሚባዙም የአንዱ ስሕተት ወደ መልሱ ያልፋል፤ የዝናቡ ልክ በሩብ ቢሳሳት መልሱም በሩብ ያህል ይሳሳታል። የነፋስ መውጫ ዝናብ የወገዳ ዝናብ አይደለም፤ የመካነ ኢየሱስም የራሱ ነው። የአንድን አገር የአየር ጠባይ ለማወቅ በዓለም የተለመደው የ30 ዓመት መዝገብ ሲሆን፥ ይህን መዝገብ ከሩቅ ሆኖ መጻፍ አይቻልም።

ስለዚህ የየወረዳው ሹማምንት በመግለጫቸው ላይ ከእርከኑ ርዝመት ጋራ የዝናቡን ልክና ከእርከኑ በላይ የተጠራቀመውን አፈር ውፍረት ቢጨምሩ ለሥራቸው እውነተኛ ምስክር ይሆንላቸዋል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ግድብም በዚህ ይጠቀማል፤ በላይኛው አገር የቀረ አፈር በታች ግድቡን አይደለድልምና። ካህናትም መደብንና ወንበርን የለመደ ብዕራቸውን በየደብሩ ለዝናብ መዝገብ ቢያውሉት ለሕዝቡ ትልቅ አገልግሎት ነው። መለኪያው ባዶ ሆኖ በተገኘበት ቀንም 0 ተብሎ ይጻፍ፤ ዝናብ ያልዘነመበት ቀንና ሰው ያልጻፈበት ቀን በመዝገብ ላይ አንድ መስለው ከታዩ፥ የ30 ዓመት ድካም በስሕተት ይፈጸማልና።