ሻማው ሲያስቸግር ክሩ ይጠየቅ

ቤቱ ውስጥ ሻማ መሥራት የጀመረ ሰው ከሁሉ ቀድሞ የሚገጥመው ችግር አንድ ነው። ሰሙ ይቀልጣል፣ ብርጭቆ ውስጥ ይፈስሳል፣ ረግቶም ያምራል። ሲለኮስ ግን ነበልባሉ መሃል ለመሃል ጉድጓድ እየቆፈረ ቁልቁል ይወርዳል። ዳር ዳሩ ያለው ሰም ሳይነካ ይቀራል፤ ክሩም በገዛ ሰሙ ሰጥሞ ይጠፋል። ሠሪው ሰም ሻጩን ይረግማል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሰሙ ምንም አላጠፋም፤ መጠየቅ ያለበት ክሩ ነው።

ሻማ ላይ የሚነደው ክሩም ሆነ የረጋው ሰም አይደለም፤ የሰሙ ትነት ነው። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1860 መጨረሻ ለንደን በሚገኘው ሮያል ኢንስቲትዩሽን ለወጣቶች መስጠት በጀመራቸው ስድስት ትምህርቶች ይህንኑ በዓይን አሳይቷል። ማንም ቤቱ ሊሞክረው ይችላል። ሻማው እፍ ተብሎ ሲጠፋ ከክሩ ነጭ ጭስ ይነሳል። የተለኮሰ ክብሪት ወዲያው ወደዚያ ጭስ ቢጠጋ፣ ክሩን ሳይነካ እሳቱ በጭሱ ተንደርድሮ ወርዶ ሻማውን ይለኩሰዋል። ጭስ የመሰለው ነገር ያልተቃጠለ ሰም ነው።

እንግዲህ ሻማ የሚነደው በሁለት ነገሮች ሚዛን ነው፦ ነበልባሉ በሚያቀልጠው ሰምና ክሩ በሚስበው ሰም። ብርጭቆው ሰፊ፣ ክሩ ቀጭን ከሆነ እሳቱ ትንሽ ይሆንና ሙቀቱ ዳር አይደርስም። ጉድጓዱ የሚመጣው ከዚህ ነው። ክሩ ከወፈረ ደግሞ ነበልባሉ አየር አግኝቶ ሊያቃጥለው ከሚችለው በላይ ሰም ይስባል። የተረፈው ካርቦን ግማሹ ጥቀርሻ ሆኖ የብርጭቆውን አፍ ያጠቁራል፣ ግማሹ ክሩ ጫፍ ላይ እንጉዳይ የመሰለ ጥቁር እብጠት ይሠራል።

ልኩን ለማግኘት ከሙከራ የተሻለ መንገድ የለም። ሦስት እኩል ብርጭቆዎች ይዘጋጃሉ፤ ምንም ሽቶ ባልገባበት አንድ ዓይነት ሰም ይሞላሉ፤ እያንዳንዳቸውም የተለያየ ውፍረት ያለው ክር ይገባባቸዋል። የክሩ ስም ብርጭቆው ላይ ይጻፋል፤ ካልተጻፈ በማግስቱ የትኛው የትኛው እንደነበር የሚያስታውስ የለም። ክሮቹ ወደ 6 ሚሊ ሜትር ተቆርጠው ነፋስ በሌለበት ቦታ ይለኮሳሉ። ለየ2.5 ሴንቲ ሜትሩ የብርጭቆ ስፋት አንድ ሰዓት ይታሰባል፤ 7.5 ሴንቲ ሜትር የሆነው ሦስት ሰዓት ይሰጠዋል። ያኔ የቀለጠው ሰም ዳር ሊደርስ ጥቂት የቀረው፣ ጥልቀቱም አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነው አሸናፊ ነው። ጀማሪ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን ፈጥኖ ዳር የደረሰው ክር የተሻለ ይመስለዋል። ነገር ግን ሰሙ ዝቅ እያለ ሲሄድ ብርጭቆው ሙቀቱን ስለሚይዝ ያ ክር ግማሽ ላይ ሲደርስ ከመጠን በላይ ይሞቃል። በአንድ ጊዜ ከአራት ሰዓት በላይ ማንደድም አይመከርም።

ቤት የተፈተለ ጥጥ አይሠራም ማለት አይደለም። ጧፍ በዚሁ ነው የሚሠራው፤ በክሩ ዙሪያ ያለው ሰም ስስ ስለሆነ ሁሉም ነበልባሉ አጠገብ ነው። ወፍራም ሻማ ውስጥ ግን የተፈተለው ክር ነበልባሉ መሃል ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ እዚያ አየር ስለሌለ ተቃጥሎ አያልቅም፣ ይረዝማል፣ ይጨሳል። አውሮፓውያን ለዘመናት በመቀስ ሲቆርጡት ኖረዋል። መላው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1825 ካምባሴሬስ የተባለ ፈረንሳዊ ክሩን ሲጎነጉነው ነው። የተጎነጎነ ክር ሲነድ ይታጠፋል፣ ጫፉም ከነበልባሉ ጠርዝ ወጥቶ አየር ሲያገኝ አመድ ይሆናል። ስለዚህ ሦስት ቀጭን ፈትል እንደ ሹሩባ ጎንጉኖ መሞከር ከአንድ ወፍራም ፈትል ይሻላል። መሃሉ ሽቦ ያለው ክር የገዛ ሰው ግን ሽቦውን ነጭ ወረቀት ላይ ያሽው፤ እንደ እርሳስ ግራጫ መስመር ከተወ አይጠቀምበት። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2003 የሊድ ብረት ያለበትን ክር የከለከለችው ሲነድ አየሩን ስለሚመርዝ ነው።

ወደ ሰሙ እንምጣ። ኢትዮጵያ ውስጥ ለቤት ሠሪ ቅርብ የሆነው የንብ ሰም ነው፤ ብዙው የሚገኘው ከጠጅ ቤት ሰፈፍ ነው። በደንብ ያልጠራ ሰፈፍ ውኃ፣ ማርና የንብ ቁርጥራጭ ይይዛል። ውኃው ነበልባሉን ያንጣጣዋል፣ ቆሻሻው ክሩን ይደፍነዋል። መፍትሔው ሰሙን በውኃ ውስጥ አቅልጦ ቀስ ብሎ እንዲረጋ መተው፣ ከሥሩ የተጠራቀመውን መፋቅ፣ እንደገና አቅልጦ በጨርቅ ማጥለል ነው። ንጹህ የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ሲቀልጥም ከፓራፊን ይወፍራል። በዚህ ምክንያት ለፓራፊን ልክ የነበረ ክር የንብ ሰም ውስጥ ሲገባ ይራባል፤ አንድ ደረጃ ወፈር ያለው ይፈለጋል።

ፓራፊን የተቀላቀለበት ሰም ገበያ ላይ መኖሩም የታወቀ ነው። ለዚህ ጥሩ ፍተሻ አለ። የንብ ሰም ጥግግት 0.96 አካባቢ፣ የፓራፊን ደግሞ 0.90 አካባቢ ስለሆነ ውኃ ላይ ሁለቱም ይንሳፈፋሉ። 45 በመቶ ያህል አልኮል ያለው ጠንካራ ዳግም አረቄ ግን ጥግግቱ 0.94 አካባቢ ነው። እዚያ ውስጥ ንጹህ ሰም ይሰምጣል፣ ፓራፊን ይንሳፈፋል። የአረቄ ጥንካሬ ከቤት ቤት ስለሚለያይ በቅድሚያ ንጹህነቱ በተረጋገጠ ቁራሽ መሞከር፣ ቁራሹ ላይ የተጣበቀውንም የአየር አረፋ በጣት ማራገፍ ያስፈልጋል። ጥቂት ብቻ የተቀላቀለበት ሰም ሊሰምጥ ስለሚችል መንሳፈፉ ያጋልጠዋል እንጂ መስመጡ ነጻ አያወጣውም። ፍተሻው ከእሳት ርቆ ይደረግ፤ አረቄ ይነዳል።

የአኩሪ አተር ሰም ላይ የሚወጣው ነጭ ውርጭ የመሰለ ነገር፣ የንብ ሰም የሚለብሰው ነጭ ብናኝ፣ ከብርጭቆው ግድግዳ ተላቆ የሚታየው ቦታ፣ ሁሉም የመልክ ጉዳይ ናቸው። አነዳዱን አይነኩም።

ለደጋ ሰዎች አንድ ለየት ያለ ችግር አለ። የውጭ መመሪያዎች ብዙ ጊዜ ሰሙ 85 ዲግሪ ሲደርስ ሽቶው ይግባ ይላሉ። ውኃ ውስጥ በተቀመጠ ድስት ማቅለጥ ትክክለኛው ዘዴ ነው፤ ነገር ግን አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ወይም 93 ዲግሪ ስለሆነ ሰሙ የመጨረሻዎቹን ዲግሪዎች የሚወጣው እየተንፏቀቀ ነው። ትዕግሥቱ ያለቀ ሰው ድስቱን በቀጥታ ምድጃ ላይ ይጥዳል፤ አደጋው የሚመጣው ያኔ ነው። ሰም እንደ ውኃ ፈልቶ አያስጠነቅቅም፤ ይጨሳል፣ ከዚያ ይያዛል። በተያዘ ሰም ላይ ውኃ ከፈሰሰ እሳቱ ይፈነዳል። ክዳን መክደንና ምድጃውን ማጥፋት ብቻ ነው መላው።

ሽቶ ላይ ስህተቱ ይበዛል። ከሱቅ የተገዛ የገላ ሽቶ አብዛኛው አልኮል ስለሆነ ትኩስ ሰም ውስጥ ሲገባ ይተናል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። ጽጌረዳ ውኃም ከሰም ጋር አይቀላቀልም። ጦስኝ ወይም ጤና አዳም አድርቆ ሻማው ላይ መበተን ለፎቶ ያምራል፤ የደረቀው ቅጠል ግን ሁለተኛ ክር ይሆናል። የሚያስፈልገው ለሻማ የተዘጋጀ የሽቶ ዘይት ነው፤ መጠኑም በማንኪያ ሳይሆን በሚዛን ይለካል። ለ100 ግራም ሰም ከ6 እስከ 8 ግራም ጥሩ መነሻ ነው። የአኩሪ አተር ሰም ሽቶው እስኪዋሃደው አንድ ሁለት ሳምንት ይሰጠው።

ሻማው ሲነድ አልሸት ካለ ደግሞ የብዙ ሰው እጅ ወደ ሽቶው ጠርሙስ ይሄዳል። ሽታው ወደ ክፍሉ የሚወጣው ከቀለጠው ሰም ገጽ ላይ እየተነነ ነው፤ ገጹ ጠባብ ከሆነ ሽቶ ቢጨመርም አይረዳም። እንዲያውም የበዛው ዘይት ክሩን ይደፍናል፣ ነበልባሉ ያንሳል፣ የቀለጠው ገጽ የበለጠ ይጠባል። ሽቶው ሳይነካ ክሩን አንድ ደረጃ አወፍሮ እንደገና መለኮስ ይቀድማል።

ሙከራውን ያለፈው ክርም እስከ ታች ተነዶ ካልታየ ተፈተነ አይባልም። ብርጭቆው በጣም የሚግለው መጨረሻ ላይ ሲሆን፣ የሚሰነጠቀውም ያኔ ነው። በዚህ ምክንያት ሰሙ አንድ ሴንቲ ሜትር ሲቀረው ሻማው መጥፋት አለበት። ክሩን ከሥር የሚይዘው ቆርቆሮ አንድ ሴንቲ ሜትር አንገት ካለው ግን ከአንገቱ በታች ያለው ሰም ወደ ክሩ ስለማይደርስ ነበልባሉ ሰው ሳያጠፋው ይጠፋል።