የገዳሪፍን ጥቁር ሜዳ ያቀኑ ቤተሰቦች

በምሥራቅ ሱዳን፣ በአትባራና በራሀድ ወንዞች መካከል የተዘረጋው የገዳሪፍ ሜዳ ዛሬ በማሽላውና በሰሊጡ የታወቀ ይሁን እንጂ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን ብዙው ክፍሉ ቋሚ ነዋሪ የሌለው፣ ሹክሪያን የመሰሉ አርብቶ አደሮች ግመልና ከብት የሚያሰማሩበት የሣር አገር ነበር። አፈሩ የኢትዮጵያ ገበሬ ዋልካ የሚለው ጥቁር የሸክላ አፈር ሲሆን፣ በክረምት እግር እየያዘ አላስኬድ ይላል፣ በበጋ ደግሞ ደርቆ ክንድ የሚያስገባ ንቃቃት ያወጣል። ዝናቡ ከሰሜን ወደ ደቡብ እየጨመረ በዓመት ከ500 እስከ 800 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚደርስ ለማሽላ የሚያንስ አልነበረም። ሰው እንዳይሰፍርበት ያደረገው የመጠጥ ውኃ እጦት ነው፤ ይህ አፈር ውኃ ወደ ውስጥ ስለማያሰርግ ክረምቱ ሲያልፍ ኩሬው ይደርቃል፣ ጉድጓድ ቢቆፈርም በብዙ ቦታ ውኃ አይገኝም። ስለዚህ የሜዳውን ታሪክ ለመረዳት ከማረሻው በፊት እንስራውን መከተል ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያዎቹ መንደሮች የቆሙት መሬቱ በለማበት ሳይሆን በኮረብታ ሥርና ኾር በሚባሉት የክረምት ወንዞች ዳር፣ ሴቶች ቀድተው በቀን ሊመለሱ በሚችሉበት ርቀት ነው።

ከቀደምት አቅኚዎች ሁሉ ታሪካቸው በሚገባ የሚታወቀው ተክሩሮች ናቸው። ስሙ ከዳርፉርና ከዚያም ወዲያ ከምዕራብ አፍሪካ ወደ መካ ለሐጅ ሲሄዱ ወይም ከዚያ ሲመለሱ በመንገድ ለቀሩ ሙስሊሞች የተሰጠ የወል መጠሪያ ሲሆን፣ ብዙዎቹ በመተማና በጋላባት ሰፍረው ጥጥና ማሽላ እያመረቱ፣ በደጋና በቆላ መካከል ትልቅ ገበያ አቁመው፣ ለኢትዮጵያም ለግብፅም ገዥዎች እየገበሩ ኖረዋል። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በ1862 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በዚያ ሲያልፍ ታታሪ ገበሬዎች መሆናቸውን ጽፏል። አሰፋፈራቸው ታስቦበት የተጀመረ አልነበረም፤ ስንቅ ያለቀበት ተጓዥ አንድ ክረምት አርሶ ለመንገዱ የሚበቃውን ሊያገኝ ይቆማል፣ ክረምቱ ሁለት ሦስት ይሆናል፣ ትዳር ይመሠረታል፣ ልጅ ይወለዳል፣ ቤተሰቡም የአገሩ ሰው ሆኖ ይቀራል። አፄ ዮሐንስ አራተኛ የወደቁበት የ1889 የመተማ ጦርነትና በዚያው ዘመን በሁለቱም አገሮች የገባው ረሃብ ይህን ሰፈራ ክፉኛ ቢበትነውም፣ በ1903 የሶኮቶ መንግሥት በእንግሊዞች ከወደቀ በኋላ ወደ ምሥራቅ የተሰደዱ ሐውሳዎችና ፉላኒዎች ሜዳውን እንደገና ማቅናት ጀምረዋል።

አንድ ቤተሰብ በሬም ትራክተርም ሳይኖረው ይህን የመሰለ ሜዳ እንዴት ሊያርስ ቻለ የሚለው ጥያቄ ሐሪግ በሚባለው ዘዴ ይመለሳል። ሐሪግ በዐረብኛ ማቃጠል ማለት ቢሆንም ሥራው የሚጀምረው ሣሩ እንዳይቃጠል ከመጠበቅ ነው፤ ገበሬው በሚዘራበት ቦታ ዙሪያ እሳት የማያሻግር ጥርጊያ አውጥቶ፣ ያለፈው ዓመት ሣር በጋውን ሙሉ ደርቆ እንዲቆም ያደርጋል። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ዘንበው አዲሱ ሣር ከሥር ጣት ያህል ብቅ ሲል፣ ጥቂት ቀናት ዝናብ የቆመበትን ጊዜ ጠብቆ በደረቁ ሣር ላይ እሳት ይለቅበታል፤ እሳቱም አሮጌውን ከአዲሱ ጋር ጠራርጎ ሲወስድ ማሳው ያለ እርሻ ከአረም ነጻ ይሆናል። ከዚያ ባል በሰሉካ፣ ማለትም ጫፉ በሾለ የመትከያ እንጨት አፈሩን እየወጋ ሲሄድ፣ ሚስት ወይም ልጅ ከኋላ እየተከተለ በየቀዳዳው ጥቂት የማሽላ ፍሬ ይጥልና በእግሩ ይደፍናል። ጊዜው አንድ ሳምንት ቢያልፍ ሣሩ ረጥቦ አይነድም፣ ቢቀድም አረሙ ገና ስላልበቀለ ከእሳቱ ይተርፋል፤ ይህን ዘዴ እንደ ኋላ ቀር ሥራ የቆጠሩ ባለሥልጣናት በውስጡ ያለውን ጥንቃቄ አላስተዋሉም ማለት ይቻላል።

ውኃ የሚነፍገው ያው ሸክላ አፈር እህል ሲጠብቅ ግን ታማኝ ነው። ቤተሰቡ መጥሙራ የሚባል ጉድጓድ ቆፍሮ ውስጡን በገለባ ያለብስና ማሽላውን ሞልቶ በላዩ አፈር ይከምርበታል፤ አፈሩ ዝናብ ስለማያሳልፍ በሚገባ የተዘጋ መጥሙራ እህሉን ለዓመታት ያቆያል፣ ለክፉ ቀንም የቤተሰቡ ዋስትና እሱ ነው። ከሚወጣው ማሽላ ሴቲቱ ሊጥ አቡክታ፣ ቦክቶ ሲያድር በጋለ ምጣድ ላይ እንደ ወረቀት አስስታ ኪስራ ትጋግራለች፤ እንጀራ ለለመደ ኢትዮጵያዊ ይህ እንግዳ ምግብ አይደለም። ለአረምና ለአጨዳ የአንድ ቤት ጉልበት ሳይበቃ ሲቀር ነፊር ይጠራል፤ ነፊር ደቦ ማለት ነው፣ ባለማሳው ምግብና መጠጥ አዘጋጅቶ ጎረቤቱን ያሰባስባል። የክረምት ዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበት ሀፊር የተባለ ሰፊ ኩሬ የተቆፈረለት መንደር ዓመቱን ሙሉ ሲቀመጥ፣ ያልተቆፈረለት በበጋ ዕቃውን ጭኖ ወደ ወንዝ ይወርዳል።

ይህን ኑሮ ከሥሩ የለወጡት ባቡርና ትራክተር ናቸው። ከከሰላ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ በ1928 ገዳሪፍ ሲደርስ የማሽላው ትርፍ ወደ ሩቅ ገበያ የሚወጣበት መንገድ አገኘ፤ በ1944 ደግሞ የቅኝ ግዛቱ መንግሥት በምሥራቅ አፍሪካ ለነበረው ሠራዊት ቀለብ ሲል በጋደምባሊያ በትራክተር ማረስ ጀመረ። በመጀመሪያ ገበሬዎች ምርቱን ከመንግሥት ጋር እየተካፈሉ ይሠሩ ነበር፤ በ1954 ግን መንግሥት ከሥራው ወጥቶ መሬቱ በ1,000 ፈዳን እየተከፈለ ለግል ባለሀብቶች እንዲከራይ ተደረገ። አንድ ፈዳን 0.42 ሄክታር በመሆኑ ይህ 420 ሄክታር ማለት ነው፤ ከነጋዴና ከከተማ ባለገንዘብ በቀር ትራክተር ገዝቶ ይህን ያህል መሬት ሊይዝ የሚችል አልነበረም።

በአሜሪካ የሣር ሜዳ የሆነው ከዚህ የተለየ ነው። ቤከር ጋላባትን ባየበት በዚያው በ1862 ፕሬዚዳንት ሊንከን የፈረሙት የመሬት ሕግ፣ 65 ሄክታር ያህል መሬት አምስት ዓመት ኖሮበት ላለማ ቤተሰብ በስሙ እንዲሰጠው አደረገ። የአገሩ ነባር ሕዝቦች በዚህ መሬታቸውን ማጣታቸው ትልቅ በደል ቢሆንም፣ ሕጉ አቅኚውን ቤተሰብ ባለመብት ማድረጉ አይካድም። በገዳሪፍ አርብቶ አደሩ የግጦሽ መንገዱ ሲዘጋበት፣ ሜዳውን በእሳትና በሰሉካ ያቀናው ቤተሰብም በእጁ ወረቀት አላገኘም፤ በ1970 የወጣው ሕግ ያልተመዘገበ መሬትን ሁሉ የመንግሥት ሲያደርገው አያቱ ያቀናውን ማሳ የሚያርስ ገበሬ በሕግ ፊት ባዶ እጁን ቆመ። የሜዳው ታሪክ ትልቁ ስብራት ይህ ነው።

በኋላ የመጡት አቅኚዎች ስደተኞች ናቸው። ከ1967 ጀምሮ ከኤርትራ ለተሰደዱ ቤተሰቦች በ1969 ከገዳሪፍ በስተደቡብ ምዕራብ በቃላ አል-ናህል የእርሻ ሰፈራ ተቋቋመ፤ ውኃውም ከራሀድ ወንዝ በቧንቧ ይመጣ ነበር። በምሥራቅ ሱዳን እንዲህ ባሉ ሰፈራዎች ለአንድ ቤተሰብ የሚደርሰው ከ5 እስከ 10 ፈዳን ስለነበር፣ መሬቱን ሳያሳርፍ በየዓመቱ ከመዝራት በቀር ምርጫ አልነበረውም፤ የጎደለውንም በጎረቤት ትልልቅ እርሻዎች በቀን ሥራ ይሞላ ነበር።

ከድንበሩ ወዲህ በሁመራ፣ በአብደራፊና በመተማ የሆነውም ከዚህ ይቀራረባል። በ1960ዎቹ በሁመራ የተጀመረው የሰሊጥና የማሽላ እርሻ ከደጋ ብዙ ሺህ ሠራተኛ ስቧል፤ በ2003 በተጀመረው የሰፈራ መርሐ ግብርም ከአማራ ክልል ደጋማ ወረዳዎች ብዙ ቤተሰቦች ወደ መተማና ቋራ ወርደዋል። ለእነዚህ ሰዎች ከባዱ የሰሊጥ አጨዳ ነው፤ ፍሬው ሲደርስ ቆቡ ተከፍቶ ስለሚረግፍ በጥቂት ቀናት ውስጥ ታጭዶ፣ በነዶ ታስሮ፣ ሂላ በሚባል ክምር ቆሞ መድረቅ አለበት፣ ከዚያም ነዶው በሸራ ላይ ተገልብጦ ይራገፋል። አጨዳው ሲዘገይ የዓመቱ ድካም መሬት ላይ ይቀራል።

ከሁሉ የከፋው ግን ካላዛር ነው። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በዚያው በዋልካው ንቃቃትና በግራር ዛፎች ሥር የምትኖር፣ በሌሊት የምትነክስ ስትሆን፣ ሕመሙ ለወራት በሚቆይ ትኩሳት፣ በክብደት መቀነስና በጣፊያ ማበጥ ይታወቃል፤ ካልታከመም ይገድላል። ከደጋ የመጣ ሰው በሽታውን የሚቋቋምበት ልምድ በሰውነቱ ስለሌለና ብዙ ጊዜም ሜዳ ላይ ስለሚያድር ይበልጥ ይጠቃል፤ በ2005 በሊቦ ከምከም የተነሣው ወረርሽኝም ከቆላ ሥራ ከሚመለሱ ሰዎች ጋር ተያይዞ ይነገራል። ለቀን ሠራተኛው አጎበርና የቅርብ ሐኪም ማቅረብ ለማንኛውም የእርሻ ባለሀብት የመጀመሪያ ግዴታ ሊሆን ይገባው ነበር።

ከኅዳር 2020 ጀምሮ ከ50 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሰድደው በኡም ራኩባና በቱናይድባ በዚያው ዋልካ ላይ ሰፈሩ፤ በሚያዝያ 2023 የሱዳን ጦርነት ከፈነዳ በኋላ ደግሞ ከካርቱምና ከገዚራ የተፈናቀሉ ሱዳናውያን ገዳሪፍን ሞሉት። መሬቱ ግን የድሮው አይደለም። ማሽላ በማሽላ ላይ ያለ ፈረቃ ሲዘራ በመኖሩ፣ ሱዳኖች ቡዳ የሚሉት፣ በአማርኛ አቀንጭራ የተባለው ጥገኛ አረም በብዙ ማሳ ነግሦ የማሽላውን ሥር ይመጥጣል። ተከራዩ ባለሀብት ምርት ሲቀንስበት የተዳከመውን መሬት ትቶ ወደ ደቡብ አዲስ ጫካ ሊመነጥር ይሄዳል፤ መጥሙራው፣ ሀፊሩና የወላጆቹ መቃብር እዚያው ያለበት የመንደር ገበሬ ግን የሚሄድበት ስለሌለው፣ አቀንጭራውን በእጁ እየነቀለ በዚያው ማሳ ላይ ይዘራል።