ያልተጠራው የሙዚቃ ማጫወቻ

በዛሬዎቹ ኮምፒዩተሮች የቁልፍ ሰሌዳ ላይ፣ ከላይኛው ረድፍ፣ ሙዚቃን የሚያስጀምሩ፣ የሚያቆሙና ወደሚቀጥለው ዜማ የሚያሻግሩ ቁልፎች ይገኛሉ። ማክ በሚባለው የአፕል ኮምፒዩተር ላይ ማስጀመሪያውና ማቆሚያው አንድ ቁልፍ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ኤፍ 8 የሚል ምልክት አለበት። ባለቤቱ ይህን ቁልፍ ሳያስበው ቢነካ፣ ወይም በጆሮው ያደረገው ገመድ አልባ ማዳመጫ ተመሳሳይ ትእዛዝ ቢልክ፣ ከቶ ያልፈለገው የሙዚቃ ማጫወቻ ይከፈታል። ይኸውም እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ አይቲውንስ ይባል የነበረው፣ በ2019 ደግሞ ሚዩዚክ በተባለው የተተካው ፕሮግራም ነው። ነገሩ ለአንድ ጊዜ ሲሆን ያስቃል። በስብሰባ መካከል ሲሆን፣ ወይም አቅሙ በደከመ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ በየዕለቱ ሲደጋገም ግን ሥራ ያስፈታል፤ ገንዘቡን ከፍሎ መሣሪያውን የገዛውም ሰው አዛዡ እርሱ ይሁን ሠሪው እንዲጠራጠር ያደርገዋል።

የችግሩን መንሥኤ ለመረዳት የቁልፍን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ቁልፍ በራሱ ፊደልም ሙዚቃም አያውቅም፤ የሚልከው ቁጥር ብቻ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ በዩኤስቢ በሚገናኝ የቁልፍ ሰሌዳ ላይ ኤች የተጻፈበት ቁልፍ ሲነካ የሚላከው 11 ቁጥር ነው። ኮምፒዩተሩ እንግሊዝኛ እንዲጽፍ ተዘጋጅቶ እንደሆነ የእንግሊዝኛውን ፊደል ያወጣል፤ በድምፅ አጻጻፍ አማርኛ እንዲጽፍ ተዘጋጅቶ እንደሆነ ግን በዚያው ቁጥር «ህ» የሚለውን ፊደል ያወጣል። የሙዚቃው ቁልፍም እንዲሁ ነው። በሌላ መደብ የተመዘገበ 205 የሚል ቁጥር ይልካል እንጂ ቁጥሩ ለማን እንደሚደርስ አይወስንም።

ውሳኔው የኮምፒዩተሩ ነው። በማክ ውስጥ ይህን ሥራ ከሚያከናውኑት መካከል አር ሲ ዲ የተሰኘ፣ በዓይን የማይታይ ረዳት ፕሮግራም ይገኛል። ድምፅ በማሰማት ላይ ያለ ፕሮግራም ካለ ትእዛዙ ለእርሱ ይተላለፋል። ተቀባይ ሲታጣ ግን የሠሪው ማጫወቻ ይቀሰቀሳል። ተቀባይ ያጣ ትእዛዝ ባክኖ ቢቀር ማን ይጎዳ ነበር?

ብዙዎች አስቀድመው የሚያስቡት ማጫወቻውን መሰረዝ ነው። ይህ አይሳካም፤ ከ2019 ወዲህ በወጡት የማክ ሥርዓቶች ማጫወቻው የሚገኘው ሊነበብ እንጂ ሊለወጥ በማይችል የዲስክ ክፍል ውስጥ ነው። ቁልፉን ማሰናከልም ጥቅሙን ማጣት ነው፤ ከማዳመጫው የሚመጣውንም ትእዛዝ አያግድም። አር ሲ ዲን ማስቆም ይቻላል፤ ሆኖም የሥርዓቱን አካል መነካካት ለጀማሪ አይመከርም።

በዊንዶውስ ጉዳዩ ከዚህ ይቀላል። ማጫወቻን የሚከፍተው ቁልፍ ተግባር በሥርዓቱ መዝገብ ውስጥ፣ 16 በሚል ቁጥር ሥር ሰፍሮ ስለሚገኝ፣ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ ሊያርመው ይችላል።

ለማክ ተጠቃሚ ከሁሉ የሚሻለው ኖቱንስ የተባለው ትንሽና ነጻ ፕሮግራም ነው። ቁልፉንም ሥርዓቱንም ሳይነካ ይጠባበቃል፤ ማጫወቻው ብቅ ሲል ወዲያውኑ ይዘጋዋል፤ ከተፈለገም በምትኩ ሌላ ማጫወቻ ይከፍታል። ባለቤቱ አንድ ቀን ሚዩዚክን ራሱን መጠቀም ቢያሻው፣ በማያው አናት ላይ የሚታየውን የኖቱንስ ምልክት አንድ ጊዜ በመንካት ጥበቃውን ያነሣል።