የሁለተኛው ወር ክኒን

ከሽንዲ ወደ ቡሬ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አንዲት ሴት አምስት ሊትር ፀበል የያዘ ቢጫ ጀሪካን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ጀሪካኑ ላይ በጥቁር ፌስታል የተቋጠረ ነገር አለ። ረዳቱ ጀሪካኑን ከላይ ልጫነው ቢላት እምቢ ብላለች። አጠገቧ ወንድሟ፣ በጠራራ ፀሐይ ጋቢ የተከናነበ ጎልማሳ፣ መስኮቱን ተደግፎ ያንቀላፋል። መንገድ ላይ ፌስታሉን ፈታች፤ ክኒኖቹን በጣቷ እየነካች ቆጠረችና "አራት ቀረ" አለች፣ ለራሷ። ጎኗ የተቀመጠው የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከፀበሉና ከክኒኑ የትኛው እንደሚሻለው ጠየቃት። ሴትዮዋ ሳቀች። "ሁለቱም ሲገኙ ነዋ የሚሻለው፣ ወንድም ዓለም።"

"ፀበል ወይስ ሕክምና" የሚለው ክርክር በሬዲዮና በየስብሰባው ስንት ዓመት እንደተደከመበት አንባቢ ያውቀዋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚከራከሩት ጀሪካኑንም ፌስታሉንም ተሸክመው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ሐኪሙ ሕዝቡ በአጉል እምነት ታሞ እንደሚቆይ ይናገራል፤ አጥማቂው ክኒን ሰውን ያደነዝዛል ይላል። በምዕራብ ጎጃም ገጠር፣ ከወምበርማ እስከ ጃቢ ጠህናን፣ የታመመ ሰው ያለበት ቤት ግን ምርጫው ብዙም አያስጨንቀውም፤ ሁለቱንም ሞክሯል። የሚያስጨንቀው የመጀመሪያው ወር መድኃኒት ካለቀ በኋላ ያለው ነገር ነው።

ወደዚያ ከመድረስ በፊት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ይጠቅማል።

አማኑኤል ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን ተከፍቶ ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖረ። ከጎጃም፣ ከባሌ፣ ከወለጋ በሽተኛ ታስሮ የሚመጣው ወደዚያው ነበር። "አማኑኤል ገብቶ ወጣ" የተባለ ሰው መንደሩ ሲመለስ ሚስት ለማግኘትም መሬት ለመካፈልም ይቸገራል። የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን ማሠልጠን የተጀመረው በደርግ ዘመን ማብቂያ ላይ ሲሆን፣ ለረጅም ጊዜ ከአዲስ አበባ ውጭ ያለውን ሥራ የተሸከሙት እነሱ ናቸው። ስፔሻሊስት ሐኪሞችን አገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው ደግሞ በ1995 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተስማምቶ፣ የካናዳ መምህራን በየተራ ለአንድ አንድ ወር እየመጡ ያስተምሩ ጀመር። ያኔ በመላው ኢትዮጵያ የነበሩት የአእምሮ ስፔሻሊስቶች 11 ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ብዙ እጥፍ አድጓል፤ ከሙያው ነባር ሰዎች አንዱ ፕሮፌሰር መስፍን አርአያ በ2014 ዓ.ም. የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን ዋና ኮሚሽነር ሆነው ተሹመዋል። አገሪቱ ለራሷ የመረጠችውን ሐኪም ሙያ ልብ ያለው ሰው ፈገግ ሳይል አልቀረም።

በከተማ ደግሞ ነገሩ መልኩን ለውጧል። የሥነ ልቡና መጻሕፍት በየአደባባዩ ይዘረጋሉ፤ የአእምሮ ሐኪሙ ዶክተር ምሕረት ደበበ ልብ ወለድ "የተቆለፈበት ቁልፍ" ከሕክምና ክፍል ወጥቶ በየቤቱ ተነቧል፤ ጭንቀትና ድብርት የካፌ ወሬ ሆነዋል። ሽንዲ ላይ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄደው ድብርት ይዞኛል ብሎ አይደለም። ራሴን ይወቅረኛል፣ ልቤ ይመታል፣ ከጎኔ ወደ ጎኔ ይሄዳል፣ እንቅልፍ ከዓይኔ ጠፋ እያለ ይሄዳል፤ የራስ ምታት ማስታገሻ ይዞም ይመለሳል። ሐዘን ሲገጥመው እድሩ ድንኳን ይተክልለታል፣ ጎረቤት ቡና አፍልቶ ያስተዛዝነዋል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ብዙ አገር በገንዘብ የሚፈልገው ነገር ነው። ሰው በሌሊት ልብሱን ጥሎ ሲሮጥና ድምፅ ሲሰማ ግን እድሩም ግራ ይገባዋል።

ያኔ ጀሪካኑ ይነሣል። ለዚህ አካባቢ ሰው ታላቁ ደጅ ግሽ ዓባይ ነው፤ ሰከላ ላይ፣ ዓባይ ከመሬት ብቅ በሚልበት። ጻድቁ አቡነ ዘርዓ ብሩክ ወደ እስር ሲወሰዱ መጻሕፍታቸውን ለምንጩ አደራ ሰጥተው፣ ሲመለሱ ውኃው አንድም ቅጠል ሳያርስ እንደመለሰላቸው ይተረካል። ልጁ የጠፋበት አባት፣ ወንድሟ የጠፋባት እህት፣ ውኃ አደራ ይመልሳል የሚል ታሪክ ወዳለበት ቢሄዱ ምን ይደንቃል?

ነገሩ የጎጃም ብቻ አይደለም። ሆላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ሮበርት ጊል ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጥናት ጊዮን፣ ማለትም ወሊሶ፣ ወደ ፀበል የሚመጡትን ሰዎች በትዕግሥት ተመልክቷል። ከዚያም ርቆ ቤልጅየም ውስጥ ጌል የምትባል ከተማ አለች። በመካከለኛው ዘመን የቅድስት ዲምፍናን ደጅ ሊሳለሙ የመጡ ሕሙማን ቤተ ክርስቲያኑ ሲሞላባቸው ቀሳውስቱ የከተማውን ሰው አስጠግቷቸው ብለው ለመኑ። ገበሬው አስጠጋ፤ ሕመምተኛው ከቤተሰቡ ጋር እየበላ፣ ላም እየጠበቀ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ በየቤቱ የሚኖሩት ሕሙማን ከ3,700 በላይ ነበሩ። ዘመናዊ ሕክምና ሲመጣ ጌል ልማዱን አልጣለችም፤ ሐኪሙን ጨመረችበት እንጂ።

እኛም አገር የሚመስል ነገር ተሞክሯል። የኤችአይቪ መድኃኒት በመጣ ጊዜ እንጦጦ ማርያም የሚጠመቁ ብዙዎች ክኒኑን ይጥሉ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ እዚያው እንጦጦ ላይ ፀበሉና መድኃኒቱ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ ተናገሩ። ከዓመታት በኋላ የአእምሮ ሐኪሞች ከአጥማቂዎች ጋር ተስማምተው ሕሙማኑ ከፀበሉ ሳይወጡ መድኃኒት እንዲወስዱ አደረጉ፤ ዶክተር ዮናስ ባሕረ ጥበብና ባልደረቦቻቸውም እ.ኤ.አ. በ2021 ስለዚህ ትብብር አሳትመዋል። ካህኑ ሕመምተኛውን ወደ ሐኪም ይልካል፣ ሐኪሙ ፀበሉን አይከለክልም። ክርክሩ በዚያ ደጅ እልባት ካገኘ ቆይቷል ማለት ነው።

ታዲያ የሚኒባሷ ሴት ስለ ምን ትጨነቃለች? ቡሬ መናኸሪያ አጠገብ ቡና ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጣ ለወንድሟ ሻይና ዳቦ ካዘዘች በኋላ ነገሩን አንድ በአንድ አወራች።

"መጀመሪያ መጋኛ ነው አሉን፤ አሳከምነው። ቀጥሎ ደብተራ ዘንድ ሄድን፤ በግ ሸጥን። ከዚያ ሁለት ክረምት ፀበል ለፀበል ዞርን። ፀበሉ ልቡን አረጋጋው፣ ውሸት አልናገርም፤ ሌሊት ግን ይነሣል። እግሩን ያሰርሁት እኔ ነኝ፣ በእጄ። በሬ ማሰሪያ ሰንሰለት ነበር። አንድ ነርስ አይቶት መድኃኒት ጀመረለት፤ በሦስተኛው ሳምንት 'እቴ፣ በሬዎቹ ማን ዘንድ ናቸው?' ብሎ ጠየቀኝ። ስንት ዓመት ስለ በሬ ጠይቆ የማያውቅ ሰው! እልል ብዬ ጎረቤት ሰበሰብሁ።"

በሚቀጥለው ወር መድኃኒቱ የለም ተባለች።

"'አልቋል፣ ከውጭ ግዢ' አሉኝ። ውጭ የት ነው? የግል መድኃኒት ቤት ነው። መድኑን በየዓመቱ እየከፈልሁ፣ ሪፈሩንም ይዤ። ዶሮ ሸጬ ገዛሁ። በሌላው ወር ነርሱ ተቀይሯል። አዲሱ ደግሞ 'እኔ ሥልጠናውን አልወሰድሁም፣ ፍኖተ ሰላም ውሰጂው' አለኝ። ለሁለት ሰው መሳፈሪያ፣ ምሳ፣ ከመሸ ማደሪያ። እሱ ሳይሻለው በፊት ሰንሰለቱ ነፃ ነበር፣ ወንድም ዓለም። ሰንሰለት መሳፈሪያ አይጠይቅም።"

ሌላም ነገር አለች፤ አብዛኛው የጤና ስብሰባ የማያነሣው። "ይህ ክኒን ያስርበዋል። ምሳ በልቶ ሳህኑን ሳላነሣ ይርበዋል። ነሐሴ ላይ ጎተራው ሲራቆት ምን ልስጠው? ለልጆቼ ነው ለእሱ? አንዳንድ ቀን ደብቄዋለሁ፣ ክኒኑን። እግዜር ይቅር ይበለኝ።" ዶክተር ሰለሞን ተፈራና ባልደረቦቻቸው ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ2013 አሳትመዋል፤ ሕሙማን መድኃኒት የሚያቋርጡበትን ምክንያት ሲጠይቁ የምግብ ፍላጎት የሚጨምረውን መድኃኒት ለመቋቋም የሚሆን እህል ቤት አለመኖሩ ከመልሶቹ አንዱ ሆኖ ወጥቷል። ፀበል ቦታ ደግሞ ጾም አለ። ርኃብ ላይ ጾም ተጨምሮ ክኒን ይዋጣል።

ሳይንሱ በበኩሉ የሚጠበቅበትን አድርጓል። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ባለችው ቡታጅራ ዙሪያ፣ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞሩ 68,378 ሰው መረመሩ። ከተገኙት 321 የስኪዞፍሬኒያ ሕሙማን ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 919 ሰዎች አሥር ዓመት ተከታትለው 121ዱ ሞተው አገኟቸው፤ ከሌላው ሰው ወደ 30 ዓመት ገደማ ቀድመው። ግማሽ ያህሉን የገደላቸው ተላላፊ በሽታ ነው። እብደት አይገድልም የሚለው አባባል ለእነዚህ አልሠራም።

ከዚያም ሌላው ጥያቄ ተነሣ፦ ሕሙማኑን ሆስፒታል ድረስ ከማንከራተት ጤና ጣቢያ ላይ ባለ ተራ ነርስና ጤና መኮንን ማከም ይቻላል? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 መርሐ ግብር አወጣ፣ ኢትዮጵያ ቀድመው ከሞከሩት አገሮች አንዷ ሆነች፣ ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮም ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ አላት። አገር ውስጥ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ በታተመ ሙከራ፣ ጤና ጣቢያ ላይ የታከሙት ሰዎች በአእምሮ ሕክምና ነርስ ሆስፒታል ከታከሙት የባሰ ነገር አልገጠማቸውም። ይቻላል ነው መልሱ። ጥያቄው ግን ከሙከራው ውጭ መድኃኒቱ ሳይጠፋ፣ የሠለጠነውም ሰው ሳይቀየር ይኖራል ወይ ነው።

መድኃኒቱ ስንት ወር እንደሚጠፋ፣ የሠለጠኑትስ ስንቶቹ ከቦታቸው እንደተነሡ አንድ የጤና ዘርፍ ኃላፊ ተጠይቀው ነበር። በስልክ መግለጫ እንደማይሰጡ ተናገሩ። ደብዳቤ ተጽፎላቸው "የሚመለከተው ክፍል ያየዋል" አሉ። የሚመለከተው ክፍል ደግሞ ኃላፊው ሳይፈቅዱ አልናገርም አለ። በመጨረሻ የተገኘችው አንዲት ዓረፍተ ነገር "በዘርፉ አበረታች ሥራ እየተሠራ ነው" የምትል ናት። እነሆ፣ ደርሳለች።

ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ጦርነት ይህን ሁሉ አክብዶታል። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰው የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰው መሞቱን የሆስፒታል ምንጮች ለዜና ወኪሎች ተናግረዋል። ያን ቀን ያየ ልጅ አሁን ምን እያለመ እንደሚተኛ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው፤ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ደግሞ የወር መድኃኒት የሚጠብቀው ሁሉ ወሩ ይረዝምበታል። የሚኒባሷ ሴት ወንድም ሕመም እንደገና የተነሣው በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው፤ ሰንሰለቱም ተመልሷል፣ ለአሥራ አንድ ቀን።

በአካባቢው የሚሠራ አንድ የአእምሮ ሕክምና ነርስ፣ ስሙ እንዳይጠቀስ ጠይቆ፣ መንገድ ቢዘጋ እንዳያቋርጡ ለተረጋጉ ሕሙማን የሦስት ወር መድኃኒት በአንዴ መስጠት ጀምሮ እንደነበር ይናገራል። በወር አንድ ጊዜ የሚወጋ መርፌ ሲገኝም ለቤተሰብ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ክኒን መደበቅም መቁጠርም ይቀራል። አሁን ግን የሦስት ወሩን አቁሟል። መደርደሪያው ላይ ያሉትን ካርቶኖች በእጁ እያመለከተ ሒሳቡን አስረዳ፦ "ለአንዱ የሦስት ወር ከሰጠሁ ሁለቱ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ለሁሉም የአንድ የአንድ ወር ከሰጠሁ ደግሞ መንገድ ሲዘጋ ሦስቱም ያቋርጣሉ። ሴትዮዋን ዓርብ ነይ ብያታለሁ፤ ዕቃው ሐሙስ ከገባ።"