የቤት ራውተር ማስተካከያ፦ መጀመሪያ በኬብል፣ ቀጥሎ በዋይፋይ

የመስመር ኢንተርኔት ወደ መኖሪያ ቤቶች መግባቱ እየተለመደ መጥቷል። በኮንዶሚኒየምም ሆነ በግቢ ቤት ባለሙያው መጥቶ መስመሩን ያገናኛል፣ ራውተሩን ይሰካል፣ ከታች የተለጠፈውን ፓስወርድ አሳይቶ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ብዙዎቻችን ራውተሩን የምናስታውሰው ቀይ መብራት ሲያበራ ብቻ ነው። ልጆች በኦንላይን ቂርኣት ላይ ሳሉ ድምፁ ሲቆራረጥ ወይም ከውጭ አገር ቤተሰብ ጋር ስናወራ ምስሉ ሲቆም፣ "ኔትወርኩ ደካማ ነው" ብለን ፓኬጅ ወደ ማሳደግ እንሄዳለን። ችግሩ ከውጭ በሚገባው መስመር ላይ ይሁን ቤት ውስጥ ባለው ዋይፋይ ላይ ሳይለዩ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ግን ኪሳራ ነው።

ሌላው ጉዳይ ደህንነት ነው። መስመሩ የተመዘገበው በእርስዎ ስም ነው። ፓስወርዱን ያገኘ ሰው ሁሉ የሚጠቀመው በእርስዎ ሂሳብና በእርስዎ ስም ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን ቅደም ተከተሎች አንድ ቀን ጊዜ ሰጥቶ መሥራት ይጠቅማል።

ራውተሩ የሚሠራው ምንድን ነው?

ራውተር ከውጭ የሚመጣውን አንድ መስመር በቤት ውስጥ ላሉ ብዙ ዕቃዎች ያከፋፍላል። ለእያንዳንዱ ስልክ፣ ላፕቶፕና ቴሌቪዥን የራሱ ቁጥር (አይፒ አድራሻ) ይሰጣል። ይህን ሥራ የሚያከናውነው ዲኤችሲፒ የሚባለው ክፍሉ ነው። ማከፋፈያው ሁለት ዓይነት ነው፦ በኬብልና በዋይፋይ። ከኋላው "ላን" ተብለው 1፣ 2፣ 3፣ 4 የተቆጠሩት ቀዳዳዎች የቤት ውስጥ ኬብል መሰኪያዎች ናቸው። የውጭው መስመር የሚገባበት ቀዳዳ ከእነሱ የተለየ ነው። መስመሩ ፋይበር ከሆነ ቀጭኑን የፋይበር ገመድ ማጠፍም ሆነ መንቀል አይገባም።

አንደኛ፦ በኬብል ይፈትሹ

የኔትወርክ ኬብሉን አንድ ጫፍ ከላን 1፣ ሌላውን ከላፕቶፑ ጋር ያገናኙ። ለቤት አገልግሎት "ካት 5ኢ" የሚባለው ኬብል ከበቂ በላይ ነው፤ እስከ 100 ሜትር ርቀት በሰከንድ 1 ጊጋቢት ማስተላለፍ ይችላል። የላፕቶፑን ዋይፋይ ያጥፉ፤ ሌሎች ስልኮችም ለጊዜው ይውጡ። ከዚያ የፍጥነት መለኪያ ድረ ገጽ ከፍተው ይለኩ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ፓኬጅ የሚሸጠው በሜጋቢት ሲሆን ፋይል ስናወርድ የሚታየን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሜጋባይት ነው። 1 ሜጋባይት 8 ሜጋቢት ስለሆነ፣ የ8 ሜጋቢት ፓኬጅ ያለው ሰው በሰከንድ 1 ሜጋባይት አካባቢ ሲያወርድ ቢያይ አልተጎዳም።

ውጤቱ መንገዱን ያሳይዎታል። በኬብል የከፈሉበት ፍጥነት ተገኝቶ በዋይፋይ ካልተገኘ ችግሩ ቤትዎ ውስጥ ነው፤ ፓኬጅ ማሳደግም አይፈታውም። በኬብልም ደካማ ከሆነ፣ ለአገልግሎት ሰጪው ሲያመለክቱ "በኬብል ለክቼ ያገኘሁት ይህን ነው" ብለው መናገር ይችላሉ።

ከቦታቸው የማይንቀሳቀሱ ዕቃዎችን፣ ማለትም ቴሌቪዥንና ዴስክቶፕን፣ በኬብል ማስቀረት ይመከራል። እነሱ ሲወጡ ዋይፋዩ ለስልኮች ይለቀቃል።

ሁለተኛ፦ የራውተሩን ቁልፍ ይቀይሩ

ላፕቶፑ በኬብል እንደተገናኘ ብራውዘር ይክፈቱና በአድራሻው ቦታ በራውተሩ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ይጻፉ። ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው። ዩዘርኔምና ፓስወርድ ይጠይቃል፤ እነሱም እዚያው ላይ ተጽፈዋል።

ራውተር ሁለት ፓስወርድ እንዳለው ብዙዎች አያስተውሉም። አንደኛው ዋይፋይ ለመጠቀም ነው። ሁለተኛው ወደ ራውተሩ ሴቲንግ ለመግባት ነው። የመጀመሪያው የሳሎን በር ቁልፍ ቢሆን ሁለተኛው የቤቱ ካርታ የተቀመጠበት ሳጥን ቁልፍ ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ቀይሮ ሁለተኛውን "አድሚን" እንደሆነ ይተወዋል። በ2016 እ.ኤ.አ. "ሚራይ" የተባለ ጎጂ ሶፍትዌር በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ የቤት ራውተሮችንና ካሜራዎችን የተቆጣጠረው ከፋብሪካ ሲወጡ የነበራቸውን 60 ያህል የተለመዱ ዩዘርኔምና ፓስወርዶች እየሞከረ ነው። ስለዚህ ይህን ፓስወርድ ይቀይሩ፤ አዲሱንም በወረቀት ጽፈው ያስቀምጡ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ "ሪሴት" የተባለችውን ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ ተጭኖ መያዝ ሴቲንጉን ሁሉ ያጠፋል። መስመርዎ ፒፒፒኦኢ በሚባለው መንገድ የሚገናኝ ከሆነ አገልግሎት ሰጪው ያስገባው ዩዘርኔምና ፓስወርድም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ያኔ ዋይፋይ ይታያል፣ ኢንተርኔት ግን የለም። ይህን መረጃ ሳይዙ ሪሴት አያድርጉ።

ሦስተኛ፦ ዋይፋዩን ያስተካክሉ

ይህን ሥራ በኬብል ሆኖ መሥራት የሚሻለው ለምክንያት ነው። የዋይፋይ ስም ወይም ፓስወርድ እንደተቀየረ በዋይፋይ ያሉት ሁሉ ይቋረጣሉ፤ በኬብል ያለው ግን አይቋረጥም። "ዋየርለስ" ወይም "ደብሊውላን" የሚለውን ገጽ ይክፈቱ።

ስም፦ የራስዎን ስም፣ የቤት ቁጥር ወይም ስልክ ቁጥር አያድርጉበት። ስሙ መንገድ ላይ ላለ ሰው ሁሉ ይታያል።

የደህንነት ዓይነት፦ ደብሊውፒኤ2 ወይም ካለ ደብሊውፒኤ3 ይምረጡ። "ዌፕ" የሚባለው አሮጌ ዓይነት በቀላሉ የሚሰበር ስለሆነ አይጠቀሙበት።

ፓስወርድ፦ ቢያንስ 8 ፊደል ያስፈልጋል፤ 12 እና ከዚያ በላይ ይሻላል። ስልክ ቁጥርና የልጅ ስም መጀመሪያ የሚሞከሩ ናቸው።

ደብሊውፒኤስ፦ ያለ ፓስወርድ በ8 አሃዝ ፒን ለማገናኘት የተሠራ ነው። ያጥፉት። 8 አሃዝ ብዙ ሙከራ የሚጠይቅ ይመስላል፤ ነገር ግን ራውተሩ ቁጥሩን ለሁለት ከፍሎ ስለሚያረጋግጥና የመጨረሻው አሃዝ ከሌሎቹ የሚሰላ ስለሆነ ቢበዛ 11 ሺህ ሙከራ ይበቃል። ይህ ድክመት በ2011 እ.ኤ.አ. ይፋ ሆኗል።

ሞገድ፦ 2.4 ጊጋኸርዝ ሩቅ ይደርሳል፣ ግድግዳም የተሻለ ያልፋል፤ ፍጥነቱ ግን ያነሰ ነው። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው፤ በግድግዳ ግን ቶሎ ይዳከማል። ራውተሩ ሁለቱም ካሉት፣ ከእሱ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ የሚውሉ ዕቃዎች 5ቱን፣ ራቅ ያሉት 2.4ቱን ይጠቀሙ። በኮንዶሚኒየም የጎረቤት ዋይፋይ ስለሚበዛ በ2.4 ላይ ከቻናል 1፣ 6 እና 11 ያልተጨናነቀውን ይምረጡ። እነዚህ ሦስቱ እርስ በርስ አይደራረቡም።

ቦታ፦ ራውተሩን ከመሬት ከፍ አድርገው በቤቱ መሐል አካባቢ ያስቀምጡ። ከቴሌቪዥን ጀርባ፣ ከብረት ቁምሳጥን ውስጥና ከማይክሮዌቭ አጠገብ ያርቁ።

ተከራይና እንግዳ ሲኖር

በአንድ ግቢ ውስጥ አከራይና ተከራይ አንድ መስመር መጋራታቸው የተለመደ ነው። ፓስወርድ አንድ ጊዜ ከተሰጠ በስልክ ኪውአር ኮድ ለሌላው በቀላሉ ይተላለፋል። መፍትሔው መከልከል ሳይሆን መለየት ነው። ብዙ ራውተሮች "ገስት" የሚባል ሁለተኛ ዋይፋይ መክፈት ያስችላሉ። ለእሱ የተለየ ስምና ፓስወርድ ይስጡ። እንግዳው ኢንተርኔት ያገኛል፤ በትክክል የተዘጋጀ ገስት ግን ወደ ቤትዎ ኮምፒውተርና ካሜራ አያደርሰውም። ተከራይ ሲለቅ የገስቱን ፓስወርድ ብቻ ይቀይራሉ፤ የቤተሰቡ አይነካም።

ዋይፋይ የማይደርስበት ክፍል

ግቢው ሰፊ ከሆነ ወይም ግድግዳው ወፍራም ከሆነ አሮጌ ራውተር ሊጠቅም ይችላል። መጀመሪያ ለብቻው ከላፕቶፕ ጋር አገናኝተው አድራሻውን ከዋናው የተለየ፣ ለምሳሌ ዋናው 192.168.1.1 ከሆነ 192.168.1.2 ያድርጉት። ቀጥሎ ዲኤችሲፒውን ያጥፉ፤ አድራሻ የሚያድለው ዋናው ብቻ መሆን አለበት። ከዚያ ከዋናው ላን ቀዳዳ ወደ ሁለተኛው ላን ቀዳዳ ኬብል ይዘርጉ። ዲኤችሲፒው ሳይጠፋ ከቀረ ሁለቱ አድራሻ እያደሉ ግንኙነቱ ይዘበራረቃል።

በየጊዜው የሚታይ

በወር አንድ ጊዜ ወደ ሴቲንጉ ገብተው የተገናኙ ዕቃዎችን ዝርዝር ይመልከቱ። የቤትዎን ስልኮች፣ ላፕቶፖችና ቴሌቪዥን ይቁጠሩ። ትርፍ ከተገኘ መጀመሪያ ቤተሰቡን ይጠይቁ፤ የልጆች ወይም የዘመድ ስልክ ሊሆን ይችላል። የማን እንደሆነ ካልታወቀ የዋይፋዩን ፓስወርድ ይቀይሩ። ኢንተርኔቱ ሲዘገይም ከፓኬጁ በፊት ኬብሉን ያንሱ፤ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ችግሩ የት እንዳለ ይነግርዎታል።