መንግሥት የራሱን ሠራተኛ አይነካም? እውነት ወይስ ተረት?

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ ባሉ የሐበሻ ቤቶች ስለ «ቻይልድ ሰፖርት» (የልጅ ቀለብ) የሚወራው ብዙ ነው። ከሚወራው ጥቂቱ እውነት ነው። ተረቱን አምኖ ዝም ያለ ሰው ግን ዕዳው በላዩ ላይ ይቆለልበታል።

ተረት፦ «የፌዴራል ሥራ ከያዝኩ ደመወዜን ማንም አይነካውም።»

ድሮ እውነትነት ነበረው። መንግሥት ሳይፈቅድ አይከሰስም የሚለው መርህ የሠራተኛውንም ደመወዝ ይሸፍን ነበር። ኮንግረስ ግን በ1975 ለልጅ ቀለብ ሲል ይህን ከለላ አነሳ፤ ወታደሩም አልቀረለትም። በ1995 ደግሞ ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ትእዛዝ ቁጥር 12953ን ፈረሙ። ክፍለ ግዛቶች የታክስ ተመላሽ ለማስያዝ የሚልኩት የባለዕዳዎች ዝርዝር ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የሠራተኛ ወይም የደመወዝ መዝገብ ጋር እንዲመሳከር ያዘዘው ይኸው ነው።

ተረት፦ «ኮምፒውተሩ ካገኘኝ ደመወዜ ሙልጭ ይላል፤ ከሥራም እባረራለሁ።»

ማመሳከሩ የሚናገረው ሰውየው የት እንደሚሠራ ብቻ ነው። ስሙ ወደ ክፍለ ግዛቱ የቀለብ አስፈጻሚ ቢሮ ይሄዳል፤ ይቆረጥ ብሎ ለአሠሪው የሚጽፈው ቢሮው ነው። በዚህ ሰበብ ማባረር ክልክል ነው። መቁረጡም ጣሪያ አለው፦ ሌላ የትዳር ጓደኛ ወይም ልጅ የሚያስተዳድር እስከ 50 በመቶ፣ የማያስተዳድር እስከ 60 በመቶ፤ ከ12 ሳምንት ያለፈ ውዝፍ ካለ 5 በመቶ ይጨመራል። ስሌቱ ግብርና ሌሎች የግዴታ ተቀናሾች ከወጡ በኋላ በሚተርፈው ላይ ነው። 1,600 ዶላር ከተረፈ እንግዲህ እስከ 800፣ ሲከፋም እስከ 1,040 ሊሄድ ይችላል። ቀላል አይደለም፤ ሙልጭ ግን አይደለም።

ተረት፦ «ሥራና ስቴት ብቀይር ይጠፋባቸዋል።»

ከ1996ቱ ሕግ ወዲህ አሠሪ፣ የግልም ይሁን የመንግሥት፣ አዲስ የቀጠረውን ሰው ማስመዝገብ አለበት፤ መዝገቡም አገር አቀፍ ነው። ውዝፉ ከ2,500 ዶላር ካለፈ ደግሞ የአሜሪካ ፓስፖርት ይከለከላል። አገር ቤት ሊሄድ ሻንጣ ካሰረ በኋላ ይህን ለሚሰማ ሰው ወዮለት።

ተረት፦ «በሽማግሌ ጨርሰነዋል።»

እኛን የሚጎዳን ይሄኛው ነው። ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፤ «አንተ የትምህርት ቤቱን ክፈል፣ አንቺም ቀለቡን ተዪለት» ይላሉ፤ ተመራርቀው ይለያያሉ። ዕርቁ ደግ ነው፤ ፍርድ ቤት እስካላጸደቀው ድረስ ግን የቀድሞው የቀለብ ትእዛዝ በየወሩ መቁጠሩን አያቆምም። በእጅ የተሰጠ ጥሬ ገንዘብም መዝገብ ላይ ስለማይታይ እንደ ስጦታ ሊቆጠር ይችላል። እናትየው ለልጁ የመንግሥት የገንዘብ ድጎማ ትወስድ ከነበረ ቀለቡን የመጠየቅ መብት ወደ ክፍለ ግዛቱ ያልፋል፤ «ትቼለታለሁ» ብትልም ዋጋ የለውም። (ከፋዩ ሁልጊዜ አባት ነው ማለት አይደለም፤ እናትም ትከፍላለች።)

«ልጄን ስለማታሳየኝ አልከፍልም» ማለትም አያዋጣም፤ መጎብኘትና ቀለብ ለየብቻ የሚታዩ ጉዳዮች ናቸው።

ከሥራ የተቀነሳችሁ ወይም ገቢያችሁ የወረደ፣ ዛሬውኑ ይሻሻልልኝ ብላችሁ ለፍርድ ቤት አመልክቱ። ከ1986 ጀምሮ ባለው የፌዴራል ሕግ ዳኛ ያለፈውን ውዝፍ ወደ ኋላ ተመልሶ መሰረዝ አይችልም፤ መቀነስ የሚችለው ማመልከቻው ለሌላኛው ወላጅ ከደረሰበት ቀን ወዲህ ያለውን ብቻ ነው።